አዲሱን መኪናዎን ማን ያጥብልዎታል?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቁልፉን በተቀበለ ሰሞን የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ሴራሚክ ላስደርገው ወይስ ፊልም ላስለብሰው?» ይላል። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ቀድሞ መጣ እንጂ። ከዚያ በፊት የሚመለስ ሌላ አለ። ነገ ጠዋት ይህን መኪና የሚያጥበው ማነው? በምን ጨርቅ? በስንት ባልዲ ውሃ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት አራት ዓመት የተነዳ ጥቁር መኪና ሲያጋጥምዎ ኮፈኑን ፀሐይ ላይ ጠጋ ብለው ይዩት። የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከበው የሚዞሩ፣ እንደ ሸረሪት ድር የረቀቁ ጭረቶች ሞልተውበታል። ጠጠር አላመጣቸውም፤ ግጭትም አላመጣቸውም። ባለቤቱን ደስ እንዲለው ተብሎ በየማለዳው የተወለወለበት እርጥብ ጨርቅ ነው ያመጣቸው። ነጭና ብርማ መኪና ላይም ጭረቱ አለ፤ አይታይም እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ አስተጣጠቡን ይወስኑ፤ መከላከያውን ከዚያ በኋላ፣ በአስተጣጠቡ ልክ ይምረጡ።

ከአንድ ዘለላ ፀጉር የቀጠነ

የፋብሪካ ቀለም ከላይ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ድርብርብ ነው። ከቆርቆሮው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ በላዩ ፕራይመር፣ በላዩ ዓይን የሚያየው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይገኛል። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ይህን የመጨረሻውን ነው። ሁሉም ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ስለሆነ፣ የመኪናው ውበት ሁሉ ያረፈበት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዘለላ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ሲላጥ መልሶ አያድግም። ጭረት ለማጥፋት በማሽን ፖሊሽ ባስደረጉ ቁጥር ከዚያው ላይ ጥቂት ማይክሮን ይነሳል፤ ፖሊሽ የሚደረግበት ጊዜ የተቆጠረ ነው።

ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ አቧራና ፀሐይ። የመንገድ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን፣ ተራ የወጥ ቤት ቢላዋ 5 ተኩል ገደማ ነው። አቧራ የለበሰን መኪና በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መወልወያ ሲጠርጉ እነዚያን ቅንጣቶች ይዘው ቀለሙን እየፋቁት ነው። ፀሐይዋን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ክሊሩ ይህን የሚመክትበት ንጥረ ነገር ከፋብሪካ ተቀላቅሎለታል፤ ግን እያለቀ ይሄዳል። ያረጁ ታክሲዎች መጀመሪያ ጣሪያቸውና ኮፈናቸው ላይ እንደ ቆዳ ተቀርፍፈው የምናያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጎናቸው ደህና ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም።

ከመረከብዎ አንድ ቀን በፊት

አብዛኛው አዲስ መኪና ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ ነው የሚመጣው። የባሕር ጨውና የበረሃ አቧራ ጠጥቶ ይደርሳል። ሻጩ ደግሞ በርክክቡ ዕለት ሊያስደስትዎ ይፈልጋል፤ ግቢው ውስጥ ያለ ልጅ አንድ ባልዲና አንድ እራፊ ይዞ ይወለውለዋል። የመኪናው የመጀመሪያ ጭረት እዚያ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ይደውሉና «እባካችሁ አትጠቡት፣ አትወልውሉት፤ አቧራውን ይዞ ይምጣ» ይበሉ። ይገረሙ ይሆናል። ግድ የለም፣ ይገረሙ። ከዚያ ሲረከቡ የስልክዎን መብራት አብርተው፣ ጥላ ውስጥ ሆነው ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ የበሮቹን ጠርዝና የፊት ባምፐሩን ይመርምሩ። ከጭነት የመጣ ጉዳት ካለ ከመፈረምዎ በፊት ፎቶ ያንሡና ያስመዝግቡት።

ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ለመርከብ ጉዞ የተለጠፈ ነጭ ፕላስቲክ ካለ በዚያው ሳምንት ያስነሡት። አዲስነቱ እንዲቆይ ብለው ወራት የሚተዉት አሉ። የወንበሩን ፕላስቲክ መተው የራስ ምርጫ ነው፤ የውጪው ግን ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይጋገርና ቀለሙ ላይ ይቀራል፤ ጠርዙ ሥር የገባው አቧራና ውሃም ምልክት ይተዋል። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከአንዱ ጥግ ቀስ ብለው፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ እያጠፉ ይንቀሉት።

የመጀመሪያው እጥበት ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይሞክሩ። እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ያስገቡና በንጹሕ፣ ገና እርጥብ በሆነው ቀለም ላይ ጣትዎን ቀስ አድርገው ያንሸራቱ። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታሉ በኩል ጎልቶ ይሰማል። ለስላሳ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ሌላ ሥራ የለም። እንደ አሸዋ የሚኮሰኩስ ከሆነ የብረት ብናኝና የተጣበቀ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ ዲቴይሊንግ የሚሠሩ ቤቶች ክሌይ በሚሉት ጭቃ መሰል ነገር፣ በሳሙና ውሃ እያንሸራተቱ ያነሡታል። «አዲስ ስለሆነ በማሽን ፖሊሽ እናድርገው» ካሉዎት ግን ምክንያቱን ይጠይቁ። ጭረት ከሌለ ፖሊሽ ምን ይሠራል?

ዘበኛው፣ ላቫጆው ወይስ እርስዎ?

በብዙ ግቢና ኮንዶሚኒየም መኪና የሚያጥበው ዘበኛው ወይም በወር የሚከፈለው የሰፈር ልጅ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ በአንድ ባልዲ አምስት ስድስት መኪና ያዳርሳል። ውሃው ከሁለተኛው መኪና በኋላ ቡና መስሏል። ጨርቁ ጎማውን ነክቶ በሩን ይነካል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ትጋቱ ነው ችግሩ። እርጥብ ጨርቅ በአቧራ ላይ ሲሄድ አቧራውን አያነሣውም፤ እየጎተተ ይወስደዋል።

የእኔ ምክር ክፍያውን ሳይቀንሱ ሥራውን መቀየር ነው። «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ቀለሙን እንዳይነኩት፤ መስታወቱን፣ ጎማውንና ውስጡን ብቻ ያጽዱልኝ» ቢሉ ይበቃል። ቅር ሊላቸው ይችላል፤ የቆሸሸ መኪና ግቢ ውስጥ ሲታይ የሚወቀሰው ዘበኛው ነውና። ስለዚህ ለቤተሰብዎም ይንገሩ። አቧራ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀለም አይጎዳም። ሳምንት ሙሉ አቧራ የለበሰ መኪና ቀን ተቀን ከተወለወለው ይልቅ ጤነኛ ነው። ሲሚንቶ የተቀላቀለበት አቧራ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ላቫጆ የሚሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ያለ መኪናዎ ይሂዱ፤ ቡና ይዘው ቆመው የሌላውን ሰው መኪና ሲያጥቡ ይመልከቱ። ከመንካታቸው በፊት ውሃ በደንብ ይለቁበታል? ስፖንጁ ሲወድቅ አንሥተው እዚያው ይቀጥላሉ ወይስ ይቀይሩታል? ቸርኬ ያጸዳው ብሩሽ ወደ በር ይሄዳል? የዱቄት ሳሙና ሲበጠብጡ አይተዋል? ማድረቂያው ጨርቅ የት ነው የሚሰጣው፣ መሬት ላይ? በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ያውቃሉ።

ጥሩ ላቫጆ ካላገኙ መካከለኛው መንገድ ይሻላል። «ወንድሜ፣ ውሃና ፎም ብቻ አድርግልኝ፤ በስፖንጅ እንዳትነካው» ይበሉና የራስዎን ጓንት እና ሁለት ማድረቂያ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ። ሙሉውን ዋጋ ይክፈሉ፤ ጉርሻም ይጨምሩ። ልጁ ጊዜ ስለቆጠቡለት ደስ ይለዋል። የግፊት ውሃው አፈሙዝ ከቀለሙ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ጠጠር ያነሣው ቀለም ካለ ወይም ፊልም ከተለጠፈ በጠርዙ ላይ አያነጣጥሩበት፤ ይልጠዋል። ከሥር ናፍጣ ልርጭበት የሚልዎ ካለ አይፍቀዱ። ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ ጎማ ነክ የሆነውን ዕቃ ሁሉ ግን ያላላል፤ አቧራም ይሰበስባል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛው መኪና በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። ቻርጅ እየተደረገ ሳለ አይታጠብም። የቻርጅ ማድረጊያው ክዳን መዘጋቱን በእጅዎ ገፍተው ያረጋግጡ፤ የግፊት ውሃ ወደዚያ አይለቀቅ። ዝናብ ሲያይ ራሱ የሚነሣ መጥረጊያ ካለው ያጥፉት፤ አለበለዚያ መስታወቱን በሚያብሱበት መሀል ይነሣና ወይ እጅዎን ይመታል ወይ አሸዋውን መስታወቱ ላይ ያስሄደዋል። ስለ ፍሬን ደግሞ አንድ መልካም ዜና አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በብዛት የሚቀንሰው በሞተሩ ስለሆነ ቸርኬው ላይ የሚጋገረው የፍሬን ብናኝ ያንሳል።

በራስዎ ግቢ

የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም። ሁለት ባልዲ፣ ለጎማ የሚሆን ሦስተኛ አሮጌ ባልዲ፣ የማይክሮፋይበር ጓንት፣ አንድ ትልቅ ማድረቂያ፣ ስድስት ያህል ትንንሽ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የመኪና ሻምፖና በእጅ የሚነፋ መርጫ። መርጫው የእርሻ መሣሪያ የሚሸጡ ቤቶች ውስጥ ይገኛል፤ አዲስ ይግዙ፣ ፀረ ተባይ የነካውን አይዋሱ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ ጨርቁንና ጓንቱን ማስላክ ያዋጣል፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም። በቆርቆሮ የታሸገ የሚነፋ ስፕሬይ ግን አይዘዙበት፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

ስለ ላርጎና ኦሞ ክርክሩ ብዙ ነው። ላርጎ ቀለም ይበላል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ አንድ ቀን ቢያጥቡበት ቀለሙ ምንም አይሆንም። የሚያነሣው ቅባት ስለሆነ የተቀባውን ሰም ይዞ ይሄዳል፤ እንደ መኪና ሻምፖም አያንሸራትትም። የዱቄት ሳሙና ነገር ግን አያከራክርም። ያልሟሟ ቅንጣት ጓንትዎ ሥር ገብቶ ይፍቃል። አይጠቀሙበት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ውስጥ ይጀምሩ። የእጅዎን ጀርባ ኮፈኑ ላይ ያድርጉ፤ ሞቅ ካለ ይጠብቁ። በሞቀ ቆርቆሮ ላይ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቃል።

ከጎማና ከቸርኬ ይጀምሩ፣ በራሳቸው ባልዲና ብሩሽ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ የደረቀውን በር መልሶ ጭቃ ይረጨዋል። ቀጥሎ መኪናውን ከጣሪያ ወደ ታች በውሃ ብቻ ያርጥቡ። አይቸኩሉ፤ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ይህ ነው። እጅ ሳይነካው በውሃ የሄደ አቧራ ሁሉ ያልተጫረ ጭረት ነው። ከዚያ ሻምፖ በመርጫው አድርገው ከታች ወደ ላይ ይንፉበትና እስኪላላ አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ እንዳይደርቅ ግን ይከታተሉ። እንደገና በውሃ ያውርዱት።

አሁን ብቻ ጓንቱን ያጥልቁ። አንዱ ባልዲ ሻምፖ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጓንቱን ሻምፖው ውስጥ ነክረው ጣሪያውን ይጀምሩ፤ በራሱ ክብደት ይሂድ፣ አይጫኑት። እያሽከረከሩ ሳይሆን በቀጥታ መስመር፣ ከፊት ወደ ኋላ። አንድ ክፍል ሲጨርሱ ጓንቱን ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፈው፣ ጨምቀው ወደ ሻምፖው ይመለሱ። ሲጨርሱ የንጹሑን ባልዲ ሥር ይመልከቱ። እዚያ የተኛው አሸዋ በአንድ ባልዲ ቢያጥቡ ኖሮ ተመልሶ ቀለሙ ላይ የሚወጣ ነበር። ከጣሪያ ወደ መስታወት፣ ወደ ኮፈን፣ ወደ በሮቹ የላይኛው ግማሽ፤ የበሮቹ የታችኛው ግማሽና የኋላው በር መጨረሻ ናቸው፤ ከሁሉ የቆሸሹት እነሱ ናቸው። ጓንቱ መሬት ከወደቀ ለዚያ ቀን ሥራው አብቅቷል፤ ሌላ ያንሡ።

አጥበው ሲጨርሱ ውሃው በራሱ እንዲደርቅ አይተዉት። የአዲስ አበባ ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚወጣ አለ፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። ጥቁር መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አድርገው ፀሐይ ላይ ቢያደርቁት የቤትዎ ውሃ ምን እንደሚተው ያያሉ። ነጭ ክብ ከተወ ማድረቅ ግዴታዎ ነው። ማድረቂያውን ጨርቅ ዘርግተው ያሳርፉትና ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ማሸት የለም። ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ብልህነት ነው፤ ማዕድን ስለሌለው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከቧንቧው ይሻላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ እሱን ያሳልፉት።

ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው አንድ 20 ሊትር ጄሪካን ብቻ ሲኖር ሌላ ዘዴ አለ። ማለቅለቅ የማይፈልግ ሻምፖ ይሸጣል። እኩሌታውን ውሃ በመርጫ እየነፉ አቧራውን ያርጥቡና ያውርዱ፤ በቀረው ሻምፖውን በጥብጠው ትንንሾቹን ጨርቆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንከሩ። አንዱን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቢያጥፉት ስምንት ገጽ ይወጣዋል። አንድ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፉ፤ ወደ ባልዲው አይመልሱት። ይህ ለቀላል አቧራ ነው። ከክፍለ ሀገር ጭቃ ለብሶ የመጣን መኪና በዚህ አይሞክሩት፤ ላቫጆ ወስደው ጭቃውን በውሃ ያስወርዱ።

ጨርቆቹን ብቻቸውን ይጠቡ፤ ከጥጥ ልብስ ጋር ከተቀላቀሉ ብናኙን ይሰበስባሉ። ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ውሃ መምጠጥ ያቆማሉ።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች

የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ክሊሩ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ኩሱ የነካው ቦታ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሳምንታዊውን እጥበት አይጠብቁ። መኪናው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሶፍት ያስቀምጡ። ሶፍቱን አርጥበው ላዩ ላይ ያንጥፉት፤ ሦስት አራት ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ ሳያሹ ቆንጥረው ያንሡት። ውስጡ ዘርና አሸዋ ስላለ «ጠረግ» ማድረግ አይሆንም። ከዛፍ ሥር ካቆሙ የሚንጠባጠበው ሙጫ ሌላ ነው፤ በውሃ አይለቅም። ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ጨርቅ ላይ አድርገው ለጥቂት ሰኮንድ ያሳርፉበት፣ ያንሡት፣ ወዲያው በውሃ ያለቅልቁት።

የሲሚንቶ ነገር ይህ ከተማ ያመጣው ነው። ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም፤ የኮሪደር ልማቱ ደግሞ ሥራውን ወደ ዋናው መንገድ ዳር አምጥቶታል። የሲሚንቶ አቧራ ደረቅ እስከሆነ ድረስ አቧራ ነው። ጤዛ ወይም ካፊያ ሲያገኘው ግን ይጠነክራል፣ አልካላይነቱም ቀለሙን ይጎዳዋል። ስለዚህ ግንባታ አጠገብ ያደረ መኪና እስከ ቅዳሜ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን በብዙ ውሃ ብቻ፣ ሳይነኩት ያውርዱት። ጠንክሮ የቆየ ነጠብጣብ ካለ በጥፍር አይፋቁት። አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ጨርቅ ነክረው ላዩ ላይ ያሳርፉ፤ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። አንድ ጊዜ ካልለቀቀ ይድገሙት፤ ኃይል አይጨምሩ። ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ክብም በዚሁ ይለቃል።

ሬንጅ ከነካው ነጭ ጋዝ በጨርቅ ጫፍ ነክተው፣ ቦታውን ብቻ አብሰው በሻምፖ ይጠቡት።

ሸራ ማልበስ ብዙ ሰው ጥንቃቄ ይመስለዋል። ንጹሕ መኪና ላይ፣ ነፋስ በማይነካው ጋራዥ ውስጥ ጥሩ ነው። ውጪ ባደረ አቧራማ መኪና ላይ የለበሰ ሸራ ግን ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ እያወዛወዘ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል። ገንዘቡን ለቆርቆሮ ጥላ ማዋል ይሻላል።

አሁን ወደ ሴራሚኩ

ፋብሪካ የተቀባ ቀለም 140 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ደርቆ ስለሚወጣ «ገና አልደረቀም፣ ሦስት ወር ይቆይ» የሚለውን አይስሙ። በመጣ ሳምንቱ መከላከያ ሊደረግለት ይችላል።

ሰም ርካሹና የጥንቱ ነው። ጥሩው ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚሰበሰበው ካርናውባ ነው። በእጅ ይቀባል፤ ሞቅ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ድምቀት ይሰጣል፤ በእኛ ፀሐይና ዝናብ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቢቆይ ነው። ከፋብሪካ ኬሚካል የሚሠራው ሲላንት ድምቀቱ ቀዝቃዛ ቢሆንም አራት አምስት ወር ይዘልቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናው ጋር መቆየት ለሚወድ ሰው ሁለቱም ይበቃሉ፤ ስሕተት ቢሠራም በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል።

ሴራሚክ ኮቲንግ በሲሊካ የተሠራ ፈሳሽ ነው፤ ክሊሩ ላይ ተጣብቆ ይጠነክርና በአግባቡ ከተያዘ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ውሃ ያንከባልላል፤ ጭቃና ኩስ ቶሎ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፤ እጥበት ያቀላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ጭረት አይነካውም» የሚለው ግን ሽያጭ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ማይክሮን አይበልጥም። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «9 ኤች» በእርሳስ የሚለካ ጥንካሬ ነው፤ ኳርትዝ 7 ከሆነበት ከሞህስ መለኪያ ጋር አይገናኝም። ሴራሚክ አስደርገው መኪናውን ለዚያው አንድ ባልዲና እራፊ ቢመልሱት በስድስት ወር ውስጥ ውድ ጭረት ይኖርዎታል። አስተጣጠቡን ካስተካከሉ ግን፣ በተለይ መኪናው ቀኑን ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው እላለሁ።

ጠጠር የሚመክተው ፊልሙ ብቻ ነው። ከፖሊዩሬቴን የሚሠራው እውነተኛው ፊልም ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከቀለሙ ድርብርብ በሙሉ ይበልጣል። ቀላል ጭረት ፀሐይ ሲነካው ራሱ ይጠፋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው መኪናውን ሁሉ ማስለበስ ትርፍ ነው። ክፍለ ሀገር የሚመላለሱ ከሆነ ኮፈኑን፣ የፊት ባምፐሩን፣ ስፖኪዮዎቹንና የበር እጀታው ውስጥ ያለውን ጎድጓዳ ብቻ ያስለብሱ። ያ ጎድጓዳ በጥፍር የሚጫረው ቦታ ነው፤ ሰው ይረሳዋል። ለመኪናው ልክ አስቀድሞ የተቆረጠ መሆኑን ይጠይቁ፤ ቀለሙ ላይ አድርገው በምላጭ የሚቆርጡ ከሆነ ይለፏቸው። ርካሽ ተብሎ የሚቀርበው ከፒቪሲ የሚሠራ ነው፤ ፀሐያችን ቶሎ ያጠወልገዋል፣ ቢጫ ይሆናል።

ዘበኛውን ማስቆም ካልቻሉ? እንደዚህ ያለ ቤት አለ፤ መኪናው የቤተሰብ ነው፣ ወላጆች «ሳይታጠብ አይወጣም» ይላሉ። ያን ጊዜ በሴራሚክ ገንዘብ አያባክኑ። በየሁለት ወሩ ሰም ይቀቡ፣ ለዘበኛው ደርዘን ጥሩ ጨርቅና ሁለተኛ ባልዲ ይግዙለት፣ አስተጣጠቡን አብረውት አንድ ቀን ያሳዩት።

ሴራሚክ የሚያስደርጉበት ቤት ሲመርጡ ክፍሉ የተዘጋና አቧራ የማይገባበት መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ጠርሙሱ ፊትዎ ይከፈት። ከመቀባቱ በፊት እጥበትና ክሌይ እንደሚያደርጉ፣ ፖሊሽ ካደረጉ ደግሞ የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ እንዳላቸው ይጠይቁ። ዋስትና የሚሰጥ ወረቀት ካለ በየዓመቱ ተመልሰው እንዲያስዩ የሚል ሁኔታ እንዳለበት ያንብቡ። መኪናውን ከወሰዱ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ውሃ አያስነኩት፤ ለአንድ ሳምንት ያህል በሳሙና አይጠቡት። በዚህ መሀል ወፍ ከጣለበት ግን በእርጥብ ሶፍት ያንሡት እንጂ አይተዉት።

ወቅቱን በተመለከተ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆምና ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ ጊዜ በፌስታሉ ፈትሸው ሰሙን ወይም ሲላንቱን ያድሱ። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ይድገሙት። በመሀሉም ውሃ ጠብታ ሆኖ መንከባለሉን ትቶ ሲለጠፍ ካዩ መከላከያው አልቋል ማለት ነው።

ጠጠር ያነሣውን ነጥብ ሳይዝግ መድፈን ደግሞ ከክረምት በፊት የሚሠራ ነው። የቀለሙ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ካለው ሰሌዳ ይገኛል፤ ፎቶ አንሥተው ቀለም ለሚበጠብጡ ቤቶች ያሳዩ፣ ትንሽ ጠርሙስ ያስሞሉ። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ነጥቡን ብቻ ይሙሉት። ባትላሜራ ጋ ተወስዶ በር ሙሉ የተቀባ ከሆነ ግን የፋብሪካው ደንብ እዚያ አይሠራም። ጋራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም በዝቅተኛ ሙቀት ወይም በአየር ስለሚደርቅ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ እስከዚያ ያንን በር በሻምፖ ብቻ ይጠቡት፣ ሰምም ሆነ ሴራሚክ አይቀቡት።